ስም ያልተጻፈበት ሕግ

አሠሪዬ ሩዲ የሰጠኝ የሥራ ማስረጃ ጠረጴዛዬ ላይ ተዘርግቷል። ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው። «ወይዘሮ ጽጌ በድርጅታችን በጽዳት ሥራ በታማኝነት አገልግለዋል» ይላል። ሳነበው ደሜ ፈላ። ጠርጌያለሁ፣ አልክድም፤ ጽዳትም የሚናቅ ሥራ አይደለም። ግን በቤይሩት ባዳሮ ሰፈር ለአስራ አንድ ሕንፃ ኢንተርኔት የሚያሳልፈውን ማሽን ማን ሲጠብቅ ኖረ? ሩዲ ነው? ሩዲ እኮ ማሽኑን ማጥፋትና ማብራት እንኳ የተማረው ከእኔ ነው!

ጡረታ ወጣሁ ልበል እንጂ ለእኛ ጡረታ የሚባል ነገር የለም። ጉልበቴ ደረጃ እምቢ አለኝ፣ ሩዲ ደግሞ ራሱን በራሱ ያስተዳድራል የተባለ አዲስ ዕቃ ገዛ። በቃ፣ ወጣሁ። በሚቀጥለው ወር አገሬ እገባለሁ። ከዚያ በፊት ግን የሠራሁትን ሥራ ራሴ ልጻፈው፤ ያኮራኝንም፣ ያሳፈረኝንም።

ቤይሩት የመጣሁት እንደ ብዙዎቻችን የሰው ቤት ልሠራ ነው። ደብረ ብርሃን አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ታይፕ ተምሬ ነበር፤ በታይፑ ግን የሚቀጥረኝ አላገኘሁም። ባዳሮ የገባሁበት ቤት ባለቤትን ሰፈሩ በአክብሮት ኡስታዝ ኢልያስ ይላቸዋል፤ ጡረታ የወጡ የስልክ መሐንዲስ ነበሩ። የተቀጠርኩት የታመሙ ሚስታቸውን ላስታምም ነው። ማዳም ካረፉ በኋላ ያሰናብቱኛል ብዬ ስጠብቅ አላሰናበቱኝም። ስኳር በሽታ ዓይናቸውን እያጠፋው ነበር።

በሕንፃው ምድር ቤት አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። ኡስታዝ እዚያ ውስጥ በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ለሰፈሩ ኢንተርኔት ያከፋፍላሉ። ገመዱ ከዚያ ተነሥቶ በየጣራው ይሄዳል። አንድ ቀን ሽንኩርት እየከተፍኩ ሳለ ከታች ጠሩኝ።

«ጽጌ፣ የእንግሊዝኛ ፊደል ታነቢያለሽ?»

«አነባለሁ፣ ኡስታዝ።»

«ያላ፣ ተቀመጪና ያለውን ንገሪኝ። ትርጉሙን አይደለም፣ ያለውን!»

እጄ ሽንኩርት እንደሸተተ ተቀመጥኩ። ስክሪኑ ጥቁር ነው፣ ፊደሉ ነጭ፤ ሥዕል የለው፣ የሚነካ ነገር የለው። ዩኒክስ የሚባለው ዓይነት ሲስተም ነው፤ ሁሉም ነገር በጽሑፍ ይታዘዛል። አንድ በአንድ፣ ፊደል በፊደል፣ ነጥቡንም ሰረዙንም ሳልዘል አነበብኩላቸው። አንዲት ነጥብ ብዘል ያውቁብኛል። «ተመለሽ» ይሉኛል፣ ዓይናቸውን ጨፍነው። እንዲህ እያልኩ ሳነብላቸው ከርሜ፣ ሳላስበው ትርጉሙም ገባኝ። ከዚያ እሳቸው እየነገሩኝ እኔ መጻፍ ጀመርኩ፤ ያ የናቁብኝ ታይፕ ባሕር ተሻግሮ እንጀራ ሆነኝ።

ሥራው ፋየርዎል ነው፤ የኢንተርኔት በር ጠባቂ እንደ ማለት። በኢንተርኔት የሚሄደው ነገር ሁሉ ፓኬት በሚባል ትንንሽ ጥቅል ተቆራርጦ ይጓዛል፤ እያንዳንዱ ፓኬት ላይ ከየት እንደመጣና ወዴት እንደሚሄድ ተጽፏል። ማሽኑ ያንን አንብቦ ከሕጎቹ ዝርዝር ጋር ያስተያያል፤ ከላይ ጀምሮ ወደ ታች። መጀመሪያ የገጠመው ሕግ ይፈርድበታል። ይለፍ ካለ ያልፋል፣ ይጣል ካለ ይጣላል፤ ከዚያ በታች የተጻፈውን ማሽኑ ዞር ብሎም አያየው። የመጨረሻው መስመር «የቀረውን ሁሉ ጣል» ነው። ስለዚህ አንዷን መስመር ከላይ ማስቀመጥና ከታች ማስቀመጥ የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል።

ኡስታዝ ልማዳቸው ብዙ ነው። ሐኪም የከለከላቸውን ከረሜላ ከማሽኑ ኋላ ይደብቃሉ፤ እኔም እንዳላየሁ ሆኜ እጥልባቸዋለሁ። በሥራ ላይ ግን ቀልድ አያውቁም። ከእያንዳንዱ ሕግ ጎን ማሽኑ የማያነበው፣ ለሰው ብቻ የሚጻፍ መስመር አለ። እዚያ ላይ ሕጉን የጠየቀው ማን እንደሆነ፣ ለምን እንደጠየቀ፣ ማን እንደጻፈው ያስጽፉኛል።

«ስም የሌለው ሕግ እዚህ ቤት አይጻፍም» ይሉኛል። «ነገ የተዘጋበት ሰው መጥቶ ማን ነው የዘጋብኝ ቢል ምን ልንለው ነው? ማሽኑ እንበለው?»

ከየሕጉ ጎን ደግሞ ቆጣሪ አለ፤ ያ ሕግ ስንት ፓኬት እንዳሳለፈ ወይም እንደጣለ ይቆጥራል። ሕጎቹ እንደገና ሲጫኑ ቆጣሪው ወደ ዜሮ ይመለሳል። ስለዚህ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ፣ ደግሞም ምንም ነገር ከመነካቱ በፊት፣ ቁጥሩን ደብተር ላይ እገለብጣለሁ። መብራት በየሰዓቱ በሚጠፋበት አገር ደብተር አይጠፋም ይሉ ነበር ኡስታዝ። ከሁሉ በላይ የሚጠብቁት ልማድ ግን የአምስት ደቂቃው ነው። አዲስ ሕግ ከመጫኔ በፊት ማሽኑን «በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይህን ትእዛዝ ካልሰረዝኩ ወደ ድሮው ሕግ ተመለስ» ብዬ አዘዋለሁ። ተሳስቼ በራሴ ላይ በር ብዘጋ ማሽኑ ራሱ ይከፍትልኛል። ኡስታዝ ሰዓት ማየት ስለማይችሉ አምስቱን ደቂቃ በመቁጠሪያቸው ይቆጥራሉ፤ ጠጠሮቹ ቀጭ ቀጭ ሲሉ እሰማለሁ።

አንድ ጊዜ ብልጥ ነኝ ብዬ ይህንን ዘለልኩ። ሁለተኛ ማሽናችን አሽራፊዬ ሰፈር ዳገቱ ላይ፣ አንድ ሕንፃ ስድስተኛ ፎቅ ነበር፤ ከባዳሮ ሆነን በመስመር እናዘዋለን። «የቀረውን ሁሉ ጣል» የሚለውን ጫንኩ፣ እኔን የሚያሳልፈውን መስመር ግን ገና አልጻፍኩም ነበር። ስክሪኑ ቀጥ አለ። ሕንፃው በሙሉ ኢንተርኔት አጣ። ኡስታዝ አልተቆጡም፤ ኮታቸውን ለበሱ። መብራት ስለሌለ ሊፍት የለም። ማየት የተሳናቸው ሽማግሌ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጭነው ስድስት ፎቅ በእግራቸው ወጡ፤ በየፎቁ «አምስት ደቂቃ» ይሉኛል፣ እያለከለኩ። ስንደርስ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልዘለልኩም።

ኡስታዝ በእንቅልፋቸው አረፉ። መቁጠሪያቸውን ለእኔ፣ ማሽኖቹን ለእህታቸው ልጅ ለሩዲ ትተው። ሩዲ መኪና ሻጭ ነበር። ኢንተርኔቱን ሲወርስ እኔንም አብሮ ወረሰኝ፤ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማ የሚሉት፣ ወደ እሱ ስም ዞረ። በዚህ አገር ፈቃድሽ በማን ስም እንደሆነ ማወቅ፣ እስትንፋስሽ በማን እጅ እንዳለ ማወቅ ነው።

ነገሩ የጀመረው በማዳም ኮሌት ነው። ፊት ለፊት ያለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩ፣ ቦንዡር ሳይሉኝ የማያልፉ ሴት ናቸው። ወደ ክፍላችን ገብተው ልጅቷ፣ ማለት ሠራተኛቸው፣ ስልክ ላይ ተጣብቃ ሥራ አልሠራም አለች ብለው ለሩዲ ነገሩት። ልጅቷ የምትደውለው በቤቱ ኢንተርኔት ስለሆነ፣ የቤቱ ሳይነካ የእሷ ስልክ ብቻ እንዲዘጋ ፈለጉ።

«ጽጌ፣ ይቻላል አይደል?» አለኝ ሩዲ።

«ይቻላል፣ ሚስተር። ግን ኡስታዝ ቢኖሩ…»

«ኡስታዝ ሞቷል፣ ኸላስ፣ በቃ! ያኒ፣ ኢቃማሽን የሚያድሰው ማን ነው? ኡስታዝ ነው ወይስ እኔ?»

ጻፍኩ። አንዲት መስመር ናት፤ ከዚህ ስልክ የሚመጣውን ሁሉ ጣል። ከጎኑ እንደ ልማዴ፦ ጠያቂ፣ ማዳም ኮሌት። ምክንያት፣ ሥራ እንድትሠራ። የጻፈው የሚለው ላይ ስደርስ ጣቴ ቆመ። ባዶ ተውኩት። ኡስታዝ ካስተማሩኝ ጀምሮ ስሜን ሳልጽፍ ሕግ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነበር።

ወሬው በሰፈሩ ተዳረሰና ሌሎች ማዳሞችም መጡ። ውሻቸው አንድ ቀን ምግብ እምቢ ቢል ሐኪም እቤታቸው ድረስ የሚያስጠሩ ሴቶች፣ የሰው ልጅ እናቷን «እንዴት አደርሽ» እንዳትላት ሊያስዘጉ ተሰለፉ! ያስዘጉት ደግሞ በማን እጅ ነው? በአገሯ ልጅ እጅ። ይህንን ስጽፍ ዛሬም እናደዳለሁ፤ በእነሱም፣ በራሴም።

የማዳም ኮሌት ሠራተኛ አለምነሽ ትባላለች፤ የመካነ ሰላም ልጅ ናት። የዕረፍት ቀን የላትም። ከቤት የምትወጣው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የማዳሟን ውሻ ሚኞንን ልታንሸራሽር ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ በመስኮታችን በኩል ታልፋለች። ስልኳን በዘጋሁ በሦስተኛው ቀን መስኮቱን አንኳኳች።

«እትዬ ጽጌ፣ ስልኬ እምቢ አለኝ። እናቴን አሟታል፣ ወንድሜ ሊያገናኘኝ ነበር። አንቺ ታውቂበታለሽ አሉ፤ እስቲ እይልኝ።»

ስልኩን ተቀበልኳት። ገለባበጥኩት። የማየው ነገር ያለ ይመስል! ሩዲ ከኋላዬ ተቀምጦ ነበር።

«ስልክሽ ደህና ነው» አልኳት። «አገር ቤት ነው ኔት የዘጉት። ሲከፍቱት ይሠራልሻል።»

አመነችኝ። ለምን አታምነኝ? ደርሶብን ስለሚያውቅ ማናችንም ብንሆን እናምናለን።

«እግዜር ይስጥልኝ እትዬ! እኔ እኮ ስልኬ የተበላሸ መስሎኝ ሞቼ ነበር» ብላ አመስግናኝ ሄደች። በኪሴ ስልክ ነበረኝ። «ነይ በዚህ ደውዪ» ማለት ይቻለኝ ነበር። አላልኩም፤ በእኔ ስልክ ከሠራ ውሸቴ ይወጣል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቆጣሪው ጠላቴ ሆነ። ስልክ ሰው ባይነካውም ጥቂት ጥቂት ፓኬት በራሱ ይልካል፤ ሰው ሲሞክር ግን ቁጥሩ ይዘላል፤ የለመደ ዓይን ይለየዋል። ረፋድ ላይ ቁርስ ከተነሣ በኋላ ይዘላል። ከምሳ በኋላ ማዳም ጋደም ሲሉ ይዘላል። ጠዋት እገለብጣለሁ፣ ከሰዓት በኋላ እገለብጣለሁ፤ ደብተሩ ላይ የአለምነሽ መስመር ከሁሉም እየበለጠ ሄደ። ልጅቷ እናቷን ስትጠራ ቁጭ ብዬ እቆጥር ነበር ማለት ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ!

ከዚያ ወይዘሮ አስካለ መጣች፤ ቤተ ክርስቲያን የማውቃት፣ በችግር ጊዜ ሴቶቻችንን የምታሰባስብ ናት።

«እዚህ ሰፈር አለምነሽ የምትባል ልጅ አለች አሉ» አለችኝ። «እናቷ አርፋለች። ወንድሟ ስልኳ እምቢ ሲለው በሰው በሰው አፈላልጎን ነው። በስልክ አይነገር፣ ማዳሟም በር አትከፍትልንም። ጠዋት ስታልፍ አንቺ ዘንድ እናርዳት።»

በማግስቱ አራት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ክፍላችን በር ላይ ቆሙ፤ እኔ አምስተኛዋ። አለምነሽ ከውሻው ጋር ከጥጉ ብቅ እንዳለች አየችን። ማሰሪያውን ለቀቀችው።

«እናቴ ናት?» አለች።

አስፋልቱ ላይ ተቀመጠች። ደረቷን እየደቃች «ኔት ዘግተውብን ድምፄን ሳትሰማ! አንዴ እንኳ ሳትሰማኝ!» ትላለች። አስካለ አቅፋት ታባብላታለች።

«ምን ታደርጊ ልጄ፣ አገር ቤት መስመሩን የዘጉት እነሱ። አንቺ ምን አጠፋሽ?» ቀና ብላ አየችኝ። «አይደለም እንዴ ጽጌ?»

«አዎ» አልኩ።

ማዳም ኮሌት በነጠላ ጫማ ወረዱ። መጀመሪያ የጠየቁት «ሚኞን የታለ?» ብለው ነው። ውሻው ተገኘ። ከዚያ የሆነው ሲነገራቸው «ሀራም፣ ሚስኪን» ብለው አዘኑላትና ሰዓታቸውን አዩ። «ማሌሽ፣ ግድ የለም፣ አስር ደቂቃ ታልቅስ፤ ከዚያ ያላ ወደ ቤት።» ለእናት አስር ደቂቃ!

የዚያኑ ቀን ቆጣሪውን ደብተር ላይ ገለበጥኩ፣ የአምስት ደቂቃውን ትእዛዝ ሰጠሁ፣ የኡስታዝን መቁጠሪያ ያዝኩ። ማዳሞቹ ካስጻፉኝ መስመሮች ሁሉ በላይ አንዲት መስመር አስገባሁ፤ እነዚህ ስልኮች ሁሉ ይለፉ። ከጎኗም፦ ጠያቂ፣ የአለምነሽ እናት። ምክንያት፣ ድምጿን ልትሰማ። ሲጫን መቁጠሪያውን ቆጠርኩ፤ ሠራ፤ የአምስት ደቂቃውን ትእዛዝ ሰረዝኩት። የጻፈው የሚለውን ግን አሁንም ባዶ ተውኩት። ፈሪ ነበርኩ።

ሩዲ ለማዳሞቹ ስክሪኑን እያሳየ «ይኸው፣ ዝግ ነው» ይላቸው ነበር። እውነትም መስመሮቹ እዚያው ናቸው። ከጎናቸው ያለው ቆጣሪ ግን ዜሮ ነው፤ እስከ መጨረሻው ዜሮ። ሩዲ ዜሮውን ማንበብ አያውቅም። ሠራተኞቹ ልጆችም ብልህ ናቸው፤ ስልካቸው መከፈቱን ለማንም አልተነፈሱም። ይህን ማድረጌ ያኮራኛል ብል ግን እዋሻለሁ። ለአለምነሽ ዘግይቷል።

ኮንትራቷ ሲያልቅ ከዚያ ቤት ወጣች፤ ከሌሎች ልጆች ጋር ሳብራ አካባቢ ክፍል ተከራይታ የቀን ሥራ ትሠራለች። አንድ እሑድ ሳብራ ገበያ ቲማቲም ስንመርጥ ተገናኘን።

«ወንድሜ ዛሬም አያናግረኝም» አለችኝ። «እናትሽ ስምሽን ስትጠራ ሦስት ሳምንት ስልክ ዘግተሽ ተቀመጥሽ ይለኛል። ኔት ዘግተውብን ነው ብለው፣ እዚህ መቼ ተዘጋና አለኝ! ውሸታም አድርጎኝ ቀረ። እትዬ ጽጌ ናት የነገረችኝ ብለውም አላመነኝ።»

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ምን አደረግሁ? ቲማቲሜን አስመዝኜ ቤቴ ገባሁ። በዓመት ሁለት ሦስቴ አገኛት ነበር፤ በየጊዜው ቲማቲም፣ በየጊዜው ዝምታ።

እንግዲህ ባለፈው ሳምንት ሩዲ ማስረጃውን ሲሰጠኝ «እነዚያን ደብተሮች ጣያቸው፣ አቧራ ናቸው» አለኝ። በጽዳት ሠራተኛነቴ መሆኑ ነው። አልጣልኳቸውም። ዋና ሥራዬ ባልነበረ ሥራ ስሜ ተጽፎ ሲሰጠኝ ተንገበገብኩ፤ በሠራሁት ሥራ ላይ ስሜን ባዶ የተውኩትስ ራሴ አይደለሁም? ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደብተሩን ይዤ ሳብራ ሄድኩ።

አለምነሽ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠችኝ። ውኃ ሰጠችኝ። አልጠጣሁትም።

«አገር ቤት አልነበረም የተዘጋው» አልኳት። «እዚሁ ነው። ማዳምሽ ጠየቀች፣ ሩዲ አዘዘ፣ ሕጉን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስልክሽን ስታሳዪኝም አውቅ ነበር።»

ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትመታኝም ፊቴን አልመልስም ነበር። እጇን ዘረጋችና ደብተሩን ወሰደችው።

«ይኼ ምንድነው?»

«ይኼ መስመር አንቺ ነሽ። በሞከርሽ ቁጥር ቁጥሩ ይጨምራል።»

ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ ቀስ እያለች ወረደች፤ ቀን በቀን። አንዱ ላይ ቆመች። ከሌሎቹ ቀናት ሁሉ ይልቅ ቁጥሩ የዘለለበት ነው።

«ይቺ እናቴ ያረፈችበት ቀን ናት» አለች። «ያን ቀን ሆዴ ነግሮኛል። ሽንት ቤት ገብቼ ስደውል፣ ስደውል ዋልኩ።» እንባዋ ደብተሩ ላይ ጠብ ሲል በቀሚሷ ጠረገችው፤ ቁጥሩ እንዳይጠፋ።

ከዚያ ቀና አለች። ያንን ፊት አልረሳውም፤ ልጅነቷ ከላዩ ጠፍቷል።

«ወንድሜ የእኔን አያነሣልኝም» አለችኝ። «በአንቺ ስልክ ደውዪ።»

ቁጥሩን በቃሏ ነገረችኝ። ጻፍኩት። ጠራ። መቁጠሪያው ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ያዝኩት። ሦስት ጊዜ ጠርቶ ተነሣ፤ ከጀርባው የዶሮ ድምፅ ይሰማል።

«ሃሎ?» አለ አንድ ጎልማሳ ድምፅ። «ማን ልበል?»

አለምነሽ ጉልበቷን አቅፋ ታየኛለች።

«ጽጌ እባላለሁ» አልኩት። «የአለምነሽን ስልክ የዘጋሁት እኔ ነኝ።»